በሰው መሬት ላይ ዘጠኝ በግ

እኔ ሕገወጥ ሰው አልወድም። ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። አጥር ሲታጠር ምክንያት አለው፤ በር ሲዘጋም እንደዚያው። ባለቤቱ ሳይጠራው ገብቶ የሰው ውኃ የሚቀዳ፣ የሰው ዶሮ የሚያንቅ፣ ሀበሻም ይሁን ዐረብ ከሌባ አልለየውም። «አንቺስ ወረቀት አለሽ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። የኔ ሌላ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ ያለቀው አሳዳሪዬ ታሞ ስለተኛ ነው። በበር ገብቼ፣ በበር ተቀጥሬ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። አጥር ዘልዬ አላውቅም።

እስከዚያ ሰኞ ድረስ እንዲህ እያልኩ ነበር የምኖረው።

ሸዋረገድ እባላለሁ፤ የመንዝ ሰው ነኝ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ኩዌት ሲቲ ዳር፣ ሱራ በሚባል ሰፈር፣ ለአንድ ቤተሰብ ምግብ ላበስል ነበር። የቤቱን ልጅ ጃሲምን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ንፍጡንም ቂጡንም ጠርጌ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲል ማዳም «በቃ አገሯ ትሂድ» አለች። ባልዬው አቡ ጃሲም ግን ዐብደሊ ወዳለው እርሻው አመጣኝ። ዐብደሊ ከከተማው በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ የኩዌት መሬት ያልቃል፤ ዒራቅ ነው። ከእርሻው ጀርባ ካለው የአሸዋ ክምር ላይ ወጥቶ ላየ የድንበሩ ሽቦ ይታየዋል።

«በግ መጠበቅ ትችያለሽ?» አለኝ ሽማግሌው።

መንዝ ለተወለደ ሰው ይህ ይጠየቃል?

የመጀመሪያውን ዓመት በደመወዝ ጠበቅሁለት። በሁለተኛው ዓመት «ባባ፣ በኛ አገር የርቢ የሚባል ነገር አለ» አልኩት። እናቲቱ የባለቤቱ ትሆናለች፤ የምትወልደውን ባለቤቱና ጠባቂው ይካፈሉታል። ሽማግሌው እየሳቀ መዳፌን መታ። ወንድሙ አቡ ዋሊድም አብሮ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ሳቀ። ያ ነው ውላችን። በኛ ዘንድ ምስክር ባለበት እጅ ከተማታ ወረቀት ምን ያደርጋል? የሞተው ሞቶ፣ የተሸጠው ተሸጦ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ከአርባ ሦስቱ በግ ዘጠኙ የኔ ሆኑ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኔ በሰው መሬት ላይ የራሴን በግ አቆምኩ። ልጅ የለኝም፣ ባል የለኝም፣ ባንክ የሚባል ቤት ደጃፉን አልረገጥኩም። እርጅናዬ በአራት እግሩ ቆሞ የሚያመሰኳው እዚያ በረት ውስጥ ነው።

ኮሮና የገባ ጊዜ መንግሥት ምሕረት አወጀ። ወረቀት የሌለው ሁሉ ቅጣት ሳይከፍል፣ በነጻ ቲኬት ወደ አገሩ ይሂድ ተባለ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። አባሲያ በሚባለው፣ ስደተኛ በሚበዛበት የከተማው ሰፈር የምትኖር ወዳጄ ሸሪፋ ደውላ ለመነችኝ።

«ሸዋዬ፣ እንሂድ። ከዚህ ወር በኋላ የተያዘ በእጁ ብረት ነው።»

«በጎቼንስ ማን ላይ ጥዬ?»

«በግ! ነፍስሽን ለበግ?»

«ነፍሴማ ከኔ ጋር ትሄዳለች። በጎቹን ግን አውሮፕላን አያስገባቸውም።»

ሸሪፋ ሄደች። እኔ ቀረሁ። ወሩ አለቀ፤ ምሕረቱም አብሮት አለቀ። ወዲያው፣ ከመንፈቅ በላይ ታሞ የከረመው አቡ ጃሲም ሆስፒታል እንደተኛ ሞተ፤ የጨረሰው ያው ኮሮና ነው። ሰው ሳያለቅስለት፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው ቀበሩት አሉ። ጃሲም ደውሎ ሞቱን ነገረኝና በዚያው አፉ ስለ በጎቹ ጠየቀኝ።

«ዘጠኙ የኔ ናቸው» አልኩት።

«ወረቀት አለሽ?»

«አጎትህ ምስክር ነው።»

አጎቱ አቡ ዋሊድ ውርሱን የሚያከፋፍለው ሰው ነው። በማግስቱ እሱው ራሱ ደወለልኝ። «ከዒድ በኋላ እርሻው ድረስ መጥቼ ያንቺን ለይቼ እሰጥሻለሁ። ወንድሜ የተማታበትን እጅ አላፈርስም» አለኝ። ከዒድ በኋላ። ረመዳኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። እኔም ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

እርሻው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራው ባንግላዴሹ እረኛ ለሁለት ቀን ብሎ ወንድሙ ጋ አባሲያ እንደሄደ ሰፈሩ በሽቦ ታጥሮ እዚያው ቀረ። ከዚያ መላ አገሩ ቀንም ሌሊትም እንዳይወጣ ተከለከለ። መንገዱ ላይ መኪና ጠፋ። ከድንበር ጠባቂዎቹ መኪና በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ እሷም ጠዋት አንዴ ከአሸዋው ወዲያ አቧራ አስነስታ ታልፋለች። እሷ ስታልፍ እኔ በረት ውስጥ እገባለሁ። ፈርቼ አይደለም እላለሁ ለራሴ። በጎቹን ላይ ብዬ ነው።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። መጀመሪያ ጠዋት ስነሳ የበጎቹ የውኃ ገንዳ ቧንቧ እየተንጠባጠበ አገኘሁት። እኔ ቧንቧ ሳላጠብቅ ተኝቼ አላውቅም። በማግስቱ ገንዳው አጠገብ እርጥቡ አሸዋ ላይ የእግር ዱካ አየሁ። አንዱ እግር ጫማ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀይዋ ዶሮ ጠፋች። ከሁሉ ያስፈራኝ ውሻው ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? የኔው ውሻ አልጮኸም። አንድ ሰው አብልቶታል ማለት ነው፤ አንድ ሰው በኔ ውሻ ራስ ላይ እጁን አሳርፏል።

ዱላዬን ይዤ ነበር የምውለው። ከእንጨት ቤቴ እስከ በረት ድረስ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ያን ሃምሳ እርምጃ ሦስት ጊዜ ቆሜ ወደ ኋላ እያየሁ ነበር የምሄደው። ነፋሱ የቴምሩን ቅጠል ሲያንኮሻኩሽ ዱላዬን አነሣለሁ። ከዒራቅ በኩል ሽቦ ቆርጠው የሚገቡ ሰዎች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ በግ የሚነዱ፣ ጠባቂ የሚያርዱ። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል? ብቻውን ለዋለ ሰው ሁሉም እውነት ነው። በዚያ ላይ በሽታው አለ። ሌባው ቢላ ባይዝ እንኳ ትንፋሽ ይዟል።

ሰኞ ጠዋት ውሻው ከመጨረሻው ቴምር ሥር አጥንት ቆፍሮ አወጣ። የቀይዋ ዶሮ ነው። ቀምቼው ጎንበስ ብዬ አየሁ። አጥንቱ አልተከሰከሰም። እረኛችን ዶሮ ያገኘ እንደሆነ ከነአጥንቱ ይከተክታል። ዐረቦቹ ወይ አራት ቦታ ይገምሱታል፣ ወይ እንዳለ ሩዝ ላይ ያጋድሙታል። ይህች ግን ከየመገጣጠሚያዋ ተፈትታለች። አሸዋውን በእጄ እየጫርኩ ሁሉንም አወጣሁ። ክንፉ ለብቻ፣ መላላጫው ለብቻ፣ ቅልጥሙ ለብቻ፣ ፈረሰኛው ሳይሰበር። ደረደርኩት። አሥራ ሁለት ብልት።

ይህ የሀበሻ ሴት እጅ ነው። እናቷ ከጎኗ ቆማ፣ ስትሳሳት እጇን እየመታች ያስተማረቻት ሴት እጅ።

ታዲያ ያገርሽ ሴት ከሆነች ምን አስፈራሽ ትሉኝ ይሆናል። አስቡት እንጂ። የበለተቻት ሴት ናት። ያረዳትስ? ባገራችን ሴት ዶሮ አታርድም። ወንድ ባይኖር ደጃፍ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች፤ እሱም ከጠፋ ዶሮዋን ፈትታ ትለቃለች። ስለዚህ ወንድ አለ። ከነቢላው፣ እርሻዬ ውስጥ፣ ስንት ቀን እንደሆነው እንጃ፣ አንድ ወንድ ተሸሽጎ እኔን ሲያየኝ ሰንብቷል። ስታጠብ አይቶኛል። ስተኛም አይቶኛል። አጥንቱን ጥዬ ዱላዬን አነሣሁ።

ሊደበቁ የሚችሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው። በእርሻው ጫፍ፣ ከአሸዋው ክምር ሥር፣ የድሮ የውኃ ሞተር የነበረበት የብሎኬት ቤት አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት፣ መስኮት የለውም። የበረቱን ቁልፍ ከነጓጉንቸሩ ይዤ ሄድኩ። ረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ አሸዋው ከወዲሁ ነጠላ ጫማ ውስጥ ያቃጥል ጀምሯል። በሩ ገርበብ ብሏል። ጆሮዬን ወደ ክፍተቱ አስጠጋሁ።

ውስጥ የሰው ሳል ተሰማ።

ደረቅ ሳል ነው፣ ከሆድ የሚወጣ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ በደንብ አላስታውሰውም። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፣ መቀርቀሪያውን ወረወርኩት፣ ጓጉንቸሩን አስገባሁት። ጠቅ ሲል ሰማሁ። ከውስጥ በብረቱ ላይ መደብደብ ሲጀምር እኔ በዚያ ጉልበቴ እየሮጥኩ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ለጃሲም ደወልኩ።

«ሌባ ይዣለሁ! የድሮው ሞተር ቤት ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ!»

«ዒራቃውያን ናቸው?»

«አላውቅም። ሁለት ናቸው፣ ወንድና ሴት። በሽታ አለባቸው።»

«እንዳትከፍቺ። ለእርሻ ባለቤቶች ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፖሊስ ይዤ እደርሳለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው «ፖሊስ» ያለው ጆሮዬ የገባው።

ቁጭ አልኩ። ምን ነካኝ? ማንን ነው የጠራሁት? ፖሊስ ሲመጣ ሌባውን ብቻ አይቶ አይሄድም። «አንቺስ?» ይላል። «ኢቃማ!» ይላል። የኔ ኢቃማ ካለቀ ስምንት ወሩ ነው። በስድሳ ስድስት ዓመቴ በገዛ እጄ ደውዬ በገዛ ራሴ ላይ ፖሊስ የጠራሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መልሼ ለጃሲም ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ድብደባው ይሰማኛል። ያ ቤት ሩቅ ነው፣ ግን ሌላ ድምፅ የሚባል በሌለበት አገር የብረት በር ሲመታ ዓለም ይሰማዋል። ጆሮዬን በሻሽ ጠቀለልኩ። ይሰማኛል። በጎቹን ቆጠርኩ፤ ዘጠኙን፣ ከዚያ አርባ ሦስቱን፣ ከዚያ እንደገና ዘጠኙን። ይሰማኛል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ድምፁ ቆመ።

ከድብደባው ይልቅ ዝምታው አስፈራኝ። የግንቦት ቀትር ነው። በዚያ ሰዓት ወፍ እንኳ ከጥላ አትወጣም። ቆርቆሮ ሥር፣ መስኮት በሌለው ቤት። በግ ብቆልፍበት እስከ አሁን ሞቶ ነበር። «ሌባ ናቸው» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ውሻው እንዲሰማኝ። «ማን ግቡ አላቸው?» ውሻው አየኝ። አንድ ጀሪካን ውኃና ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ለማየት ብቻ ነው ብዬ ነበር የወጣሁት። የሞተ ሰው በራፌ ላይ ቢገኝ እኔን አይደል የሚጠይቁ?

«ማነህ!» ብዬ በዐረብኛ ጮህኩ፣ ከበሩ ራቅ ብዬ ቆሜ።

አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

«ተናገር! ፖሊስ እየመጣ ነው!»

«ውኃ…» አለ ከበሩ ሥር። በአማርኛ። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፣ የደረቀ።

«ወንዱ የት አለ?»

«የምን ወንድ?»

«አትዋሺኝ! ዶሮዬን ያረደው ወንድ!»

«ወንድ የለም፣ እማማ። ብቻዬን ነኝ። በአላህ ይሁንብዎ ውኃ ያቀብሉኝ።»

«ዶሮዋን ማን አረዳት ታዲያ?»

«እኔው ነኝ።»

«ሴት ታርዳለች?»

«የሚያርድልኝ ከየት ላምጣ? ቢስሚላህ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አረድኳት። ኃጢአቱ የኔ ይሁን።»

አላመንኳትም። ፍርሃት ጆሮ የለውም። «እጅሽን በበሩ ሥር አውጪ!» አልኳት። አንድ እጅ ወጣ። «ሁለቱንም!» ሁለተኛው ወጣ። በበረኪና የነጣ፣ ጣቶቹ የተላጡ፣ ትንሽ እጅ ነው።

«ሌላ ሰው ካለ እሱም እጁን ያውጣ!»

«ስንት እጅ ይኑረኝ፣ እማማ?» አለችኝ፣ በዚያ ጉሮሮ።

ከፈትኩላት። የሙቀቱ ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። በደረቷ ተኝታ ነበር፤ አፏን በበሩና በሊሾው መሐል ባለው ክፍተት ላይ ለጥፋ እየተነፈሰች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ወንድ የለም። የጠቆረ ጣሳ፣ የጠፋ እሳት፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የወጥ ቤት ቢላ። ያን ሁሉ ቀን የፈራሁት ሰውዬ በዓለም ላይ የለም። እኔው ነኝ የፈጠርኩት።

ጀሪካኑን ሰጠኋትና ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጠጣች፣ አስመለሳት፣ ደግማ ጠጣች። ሙንተሀ እባላለሁ አለችኝ፤ የወሎ ልጅ፣ የቃሉ። ማዳሟ ለክልከላው ጊዜ ቤተሰቡን ከከተማ ወደ ጎረቤት እርሻ አምጥታ ነበር። ሙንተሀን ሳል ሲይዛት ኮሮና ነው ብላ የፍየል መኖ መጋዘን ውስጥ ዘጋችባት፤ ምግብ በዱላ እየገፋች ትሰጣታለች። በአራተኛው ቀን በጣሪያው ቀዳዳ ወጣች። ፓስፖርቷም ስልኳም እዚያው ቀሩ።

«ሳሉ አሁን ቀሎኛል» አለችኝ። «ወደ አባሲያ ነበር የምሄደው። እህቴ አሚና እዚያ ናት። ከተማው በመብራቱ በኩል ነው ብዬ ስሄድ እግሬ ተላጠብኝ፤ እዚህ ገባሁ።»

«የቱ መብራት?»

በጣቷ አሳየችኝ። ወደ ሰሜን። ከአሸዋው ክምር ወዲያ።

«እሱ ዒራቅ ነው፣ አንቺ ምስኪን! ያ መብራት የነዳጅ ጉድጓድ እሳት ነው። ከዚህ ጥቂት ብትገፊ ወታደር በጥይት ይቀበልሽ ነበር።»

«ኩዌት ሲቲ መስሎኝ…»

«አባሲያ በደቡብ ነው፤ በእግር የሚደረስ አይደለም። ቢደረስም በሽቦ ታጥሯል። ገቢም ወጪም የለም።»

ቁጭ ብላ መሬቱን አየች። ከዚያ «ቅድም ፖሊስ እየመጣ ነው ያሉኝ እውነት ነው?» አለች።

«እውነት ነው።»

«ማን ጠራው?»

«እኔ።»

ተነሣች። በዚያ ባዶ እግሯ ልትሮጥ ነው። «በየት በኩል ልሂድ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ፖሊስ የጠራሁባትን እኔን። ጣቴን አንስቼ እስካሳያት ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።

አልዋሻችሁም፤ አሰብኩት። ወደ አሸዋው ክምር ባመለክታት ትሄዳለች። ጃሲም ሲመጣ «አመለጡ፣ ዱካቸው ያው» እላለሁ። ፖሊሱ ዱካውን ተከትሎ ይነዳል፤ እኔን የሚጠይቅ ጊዜ አይኖረውም። ዒድ ይደርሳል። አቡ ዋሊድ ይመጣል፤ ዘጠኙን ለይቶ ይሰጠኛል። አንድ ጣት ማንሣት ብቻ ነው። አሸዋው ላይ ሙቀቱ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ጣቴ ከዱላው ላይ አልነሣም አለኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት። «አንቺ የማታፍሪ፣ ዶሮዬን በልተሽ ወዴት ልትሄጂ? ነይ ከኔ ጋር።»

ቤቴ አስገብቼ ልብሴን አለበስኳት፤ ሁለት እሷን ያስገባል። የረባ አፍ መሸፈኛ የለኝም፤ በሻሽ ጠቀለልኳት። «ማንም ቢጠይቅሽ አትናገሪ። ዐረብኛ አታውቂም። ሳልሽን ዋጪው።»

«ካልተዋጠልኝስ?»

«አቧራ ነው እላቸዋለሁ። ይህ አገር አቧራ ነው።»

ከዚያ ጠበቅን። እሷ በሩ ጥግ፣ እኔ አልጋው ላይ። ስለ ሃይማኖት አላወራንም፤ ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ እኔም ማርያምን እጠራለሁ። ውሻው ጆሮውን ባቆመ ቁጥር ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሰዓቱ እንደዚያ ቀን ተንቀራፍፎ አያውቅም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለት መኪና መጣ። የመጀመሪያው የጃሲም ነው። ከሁለተኛው ሁለት ፖሊሶች ወረዱ፤ ጓንት፣ አፍ መሸፈኛ፣ የፕላስቲክ መነጽር። ዓይናቸው እንኳ አይታይም። ፊት የሌለውን ሰው ምን ብለው ይለምኑታል?

«የት አሉ?» አለ ጃሲም።

«ሌባ የለም» አልኩ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ዱላዬን መሬት ውስጥ ተከልኩት። «የኛው ልጅ ናት፤ ዶሮዎቹን የምትጠብቀው። ጥላ ፍለጋ ሞተር ቤት ገብታ ኖሯል። ዓይኔ ደክሟል፣ አላየኋትም። ቆለፍኩባት።»

ዓይኔ ደክሟል። በሩቅ በበግ ሆድ ውስጥ ስንት ሽል እንዳለ የሚያየው ዓይኔ! አንደኛው ፖሊስ በመሸፈኛው ውስጥ ሳቀ። «ለአሮጊት ልጅ ሰጥታችሁ!» አለው ለጃሲም። «ነገ ደግሞ አንተን ትቆልፍብሃለች።» ዋጥኩት።

ጃሲም ሙንተሀን አያት። አባቱ እንዲህ ያለች ልጅ ቀጥሮ እንደማያውቅ እሱም ያውቃል፤ የአባቱን የሠራተኛ ደብተር አይቷል። እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ልጅ ሳለ ውሸት ሲዋሽ ጆሮው ይቀላ ነበር፤ አሁን የኔ ጆሮ ሳይቀላ አልቀረም።

«ኢቃማ» አለ ሁለተኛው ፖሊስ፣ እጁን ዘርግቶ። «የሁለቱም።»

ሙንተሀ ሳሏን ስትውጥ ትከሻዋ ሲንዘፈዘፍ አየሁ።

«አንድ ደቂቃ» አላቸው ጃሲም። ክንዴን ይዞ ወደ በረቱ ወሰደኝ።

«ስንት በግ አለ?»

«አርባ ሦስት።»

«የማን ናቸው?»

ዞሬ ሙንተሀን አየሁ። ስልኩን አወጣ፣ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፊቴ ላይ ያዘው። አጎቱ አቡ ዋሊድ አነሣ።

«አጎቴ፣ እርሻው ላይ ነኝ። ሸዋ ስለ በጎቹ የምትነግርህ አላት።» ስልኩን በእጁ ሸፍኖ «ፖሊሶቹ ይጠብቃሉ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። አልጮኸም፣ አላስፈራራም። መጮህ አላስፈለገውም።

«ሸዋ» አለ አቡ ዋሊድ። «እንዴት ነሽ? ወንድሜ ዘጠኙ የሷ ናቸው ይል ነበር። እኔም ስትማቱ ነበርኩ። እኮ ንገሪኝ።»

በረቱ ውስጥ አየሁ። አሮጊቷ በግ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ በጥላው በኩል ተኝታለች። መንታ አርግዛለች። እሷን በጡጦ ነው ያሳደግኋት። ከኋላዬ የፖሊሱ ጫማ አሸዋውን ሲፈጭ ይሰማኛል፣ ወደ ልጅቷ ጠጋ እያለ ነው።

«የኔ አይደሉም፣ አቡ ዋሊድ» አልኩ። «ወንድምህ ሲቀልድ ነው። በጎቹ በሙሉ የሱ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ከዚያ «ሸዋ፣ በሞተ ሰው አይዋሽም። ያኔ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን?» አለኝ።

«ያኔ» አልኩ።

ጃሲም ስልኩን ዘጋው። ወደ ፖሊሶቹ ሄዶ ምን እንዳላቸው ሁሉን አልሰማሁም። «የአባቴ ሠራተኞች ናቸው… አባቴ በቅርቡ ሞቶ… ወረቀታቸው ከተማው ቤት ነው… ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው…» ሲል ሰማሁ። ፖሊሱ ሁለታችንንም ለረጅም ጊዜ አየን። «ከዒድ በኋላ ወረቀታቸውን ጣቢያ ታመጣለህ። ካላመጣህ እኛ እንመጣለን» አለው። በመኪናቸው ጎማ አቧራውን አልብሰውን ሄዱ።

ጃሲም መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ የጭነት መኪና እልካለሁ። በጎቹን ለዒድ እሸጣለሁ። እናንተ እስኪጫኑ ጠብቋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላውቅም» አለ። እውነቱን ይመስለኛል። መስኮቱን ዘጋ።

አቧራው እስኪበርድ ቆምን። ሙንተሀ ያፈነችውን ሳል ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው፤ ጎንበስ ብላ እስክታለቅስ ድረስ ሳለች። እኔም አልራቅኋትም። ከእንግዲህ ምን ልጠብቅ?

«ምን አሉ?» አለችኝ ሲለቃት።

«ከዒድ በኋላ እንመጣለን አሉ።»

«ዒድ ስድስት ቀን ነው የቀረው፣ እማማ። ከዚያ ወዴት እንሄዳለን?»

«እኔ ነቢይ ነኝ? ዝም በይ ላስብበት።»

ላስብበት አልኩ እንጂ የማስበው አጣሁ። ምሕረቱ አልፏል። አባሲያ ታጥሯል። በሰሜን ሽቦና ወታደር፣ በደቡብ ባዶ መንገድና ፖሊስ። በጎቹ መጮህ ጀመሩ፤ መኖ ሳልሰጣቸው ቀኑ አልፎ ኖሯል። እስር ሣር ጎትቼ አወጣሁ። ሙንተሀ ጫፉን ይዛ አገዘችኝና በረቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አየቻቸው።

«ሲያምሩ። የማን ናቸው?»

«የሰው ናቸው። ሣሩን በትኚላቸው፤ አትቆሚብኝ።»